አንድሮሜዳ በየቋንቋው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አንድሮሜዳ ስም ብዙ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድሮሜዳ ኮከብ ናት ወይስ ጋላክሲ?

ኮከብስ አይደለችም። ስሙ የሦስት ነገሮች ስም ነው። መጀመሪያ የግሪክ ተረት ውስጥ ያለች ልዕልት ናት። ቀጥሎ በሷ ስም የተጠራ ኅብረ ከዋክብት አለ፤ ዛሬ ሰማዩ ከተከፋፈለባቸው 88 ኅብረ ከዋክብት አንዱ ነው። ሦስተኛዋ እዚያው አቅጣጫ የምትታየው ጋላክሲ ናት፤ ከእኛ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች።

ብዙ ክርክር የሚነሳው እነዚህን ካለመለየት ነው። የኅብረ ከዋክብቱ ኮከቦች እዚሁ የኛው ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያሉ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጋላክሲዋ ደግሞ ከነሱ ጀርባ፣ እጅግ እጅግ ርቃ ነው ያለችው። ስሙን የወሰደችው በአቅጣጫ ብቻ ነው።

ተረቱ ባጭሩ ምን ይላል?

ኬፌውስ የሚባል የ«አይቲዮፒያ» ንጉሥ ነበር። ሚስቱ ካሲዮፔያ በውበት የሚስተካከለን የለም ብላ ፎከረች፤ አንዳንዱ ተራኪ በራሷ ነው የፎከረችው ይላል፣ ሌላው በልጇ። የተፎካከረችው ደግሞ ከባሕር ቆነጃጅት ጋር ነው። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጣ። አገሩን በጎርፍ መታው፣ አውሬም ላከበት። የአሞን ቤተ ጣዖት ሲጠየቅ «ልጃችሁን ለአውሬው ስጡ» አለ። አንድሮሜዳ እናቷ ለተናገረችው እሷ ባሕር ዳር ካለ ዓለት ጋር በሰንሰለት ታሰረች። የሜዱሳን አንገት ቆርጦ የሚመለሰው ፐርሴውስ ደረሰላት፣ አውሬውን ገደለ፣ አገባት።

ሰማይ ላይ ቤተሰቡ እንዳለ አለ። አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ አማች፣ አውሬው ሳይቀር የየራሳቸው ኅብረ ከዋክብት አላቸው። ከሜዱሳ ደም የወጣው ክንፋም ፈረስ ፔጋሰስ እንኳን አብሯቸው ነው። ሌላ ተረት እንዲህ ከነቤተሰቡ ሰማይ ላይ ሰፍሮ አላውቅም።

ስሙ ራሱ ትርጉሙ ምንድነው?

ከሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። አንዱ «ወንድ» ማለት ነው፣ ሁለተኛው «መግዛት፣ መጠበቅ፣ ማሰብ» የሚል ሥር አለው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ «ወንዶችን የምትገዛ» ተብሎ ይፈታል። ታስራ የምትታወቅ ልጅ ስሟ ገዢ መሆኑ ይገርማል። የበለጠ የሚገርመው ደግሞ ሜዱሳም ስሟ ከዚያው ሁለተኛው ሥር መምጣቱ ነው። ፐርሴውስ የገደላትና ያዳናት ሁለቱም በስም ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

ታዲያ የኛ ናት? ኢትዮጵያዊት ነበረች?

ይህን የማይጠይቅ አበሻ የለም፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። መልሱ ግን «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ የሚያልቅ አይደለም። የግሪኩ ቃል «አይቲዮፕስ» ፊቱ የተቃጠለ፣ ጠቆር ያለ ሰው ማለት ነው። የጥንት ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሕዝብ ሁሉ፣ አንዳንዴም ወደ ህንድ አቅጣጫ ያለውን ጭምር በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ሆሜር ራሱ ሕዝቡን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ፀሐይ በምትወጣበት ሌላውን ፀሐይ በምትገባበት ያስቀምጣቸዋል። ካርታ ላይ ጣት የሚቀሰርበት አገር አልነበረም።

ሌላ ወሬም ነበር። ብዙ የጥንት ጸሐፊዎች ታሪኩ የተፈጸመው ኢዮጴ ነው ይላሉ፤ የዛሬዋ ጃፋ፣ ቴል አቪቭ አጠገብ ያለችው። ጆሴፈስ የሰንሰለቷ ምልክት እዚያ ዓለት ላይ ይታያል ብሎ ጽፏል። ፕሊኒ ደግሞ የአውሬው ነው የተባለ አጥንት ከኢዮጴ ተጭኖ ሮም ለሕዝብ እንደታየ ያወራል፣ ርዝመቱም 40 ጫማ ነበር ይላል። እስራኤል የምትኖሩ ወገኖች ጃፋ ወደብ ብትወርዱ ከባሕሩ ብቅ ያሉ ድንጋዮች ታያላችሁ፤ የአንድሮሜዳ ዓለት ነው የሚባለው። ሄሮዶቱስ በበኩሉ የፐርሴውስና የአንድሮሜዳን ልጅ ፐርሴስን የፋርሶች አባት ያደርገዋል። አንዲትን ልጅ ስንት አገር እንደተሻማባት እዩት።

የኛ ግንኙነት በስሙ በኩል ነው፤ እሱ ደግሞ እውነተኛ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና በሦስት ጽሕፈት ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ የአገራችን ቋንቋ «ሐበሠት» ባለበት ቦታ ግሪክኛው «አይቲዮፔስ» ይላል። መጽሐፍ ቅዱስም ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ ሲተረጎም «ኩሽ» የሚለው «አይቲዮፒያ» ሆነ፤ «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» የምንለው በዚያ መንገድ የደረሰን ነው። ስለዚህ አንድሮሜዳ የዛሬዋ ኢትዮጵያ ልዕልት ነበረች ብሎ መማል አይቻልም። አባቷ ነገሠባት የተባለችው አገር ስም ግን ዛሬ ፓስፖርታችን ላይ ያለው ስም ነው። ለኔ ይህ ብቻውን በቂ ነው፣ ሌላ መጨመር አያስፈልገውም።

«ካሲዮፔያ» እና «ኢትዮጵያ» የሚሉት ስሞች ይገናኛሉ?

አይገናኙም። መጨረሻቸው ጆሮ ላይ ስለሚመሳሰል ነው ይህ ነገር የሚዞረው። «አይቲዮፒያ» የተሠራው «መቃጠል» እና «ፊት» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ነው። የንግሥቲቱ ስም በጥንቱ ግሪክ «ካሲዮፔያ» ብቻ ሳይሆን «ካሲኤፔያ» ተብሎም ይጻፋል፤ በሁለተኛው አጻጻፍ ያዙትና መመሳሰሉ ሲሟሽሽ ታያላችሁ።

ሥዕሎቹ ላይ ለምን ነጭ ሆነች?

ምክንያቱም የሣሉት አውሮፓውያን ናቸው፣ ለሚያውቁት የውበት መለኪያ። ከቲሺያን እስከ ሩበንስ ያሉት ሠዓሊዎች ነጭ፣ ብዙ ጊዜም ራቁቷን አድርገው ነው የሣሏት። የጥንቱ ወሬ ግን እንዲህ ወጥ አይደለም። ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ አንድ ቦታ ላይ በአገሯ ቀለም ጠይም እንደነበረች በግልጽ ይናገራል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ከእብነ በረድ ሐውልት ጋር ያመሳስላታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ የአቴና ማሰሮዎች ላይ የምሥራቅ ልብስ ለብሳ፣ ጥቁር አፍሪካውያን አገልጋዮች ሲያስሯት ትታያለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ሄሊዮዶሩስ የሚባል የግሪክ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበር፤ ታሪኩ የሚያልቀው የአይቲዮፒያ ዋና ከተማ በሚላት በሜሮዌ ነው። እዚያ ታሪክ ውስጥ ጥቁሯ ንግሥት በመኝታ ቤቷ የተሰቀለውን የአንድሮሜዳን ሥዕል እያየች ስለፀነሰች ነጭ ልጅ ወለደች ይላል። ባሌ በዝሙት ይጠረጥረኛል ብላ ልጇን ጣለቻት። በዚያ ዘመን እንኳን ሰዎች የአንድሮሜዳ ቆዳ ጉዳይ ግራ አጋብቷቸው፣ መልስ ሲፈልጉለት ነበር ማለት ነው።

ዓረቦች ምን ብለው ይጠሯታል?

ኅብረ ከዋክብቱን «አል-መርአ አል-ሙሰልሰላ» ይሉታል፦ በሰንሰለት የታሰረችው ሴት። ስሟን ትተው ያለችበትን ሁኔታ ነው የያዙት። የኛ «ሰንሰለት» እና የነሱ «ሲልሲላ» አንድ ዘር ስለሆኑ ጆሯችን ቶሎ ይለየዋል። ዓረብ አገር የኖራችሁማ ቃሉን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ የቲቪ ተከታታይ ድራማ «ሙሰልሰል» የሚባለው ክፍሎቹ እንደ ሰንሰለት ስለሚያያዙ ነው። ለጋላክሲዋ ግን ዛሬ «አንድሮሜዳ» የሚለውንም እንዳለ ይጠቀሙበታል።

ከግሪክ መጻሕፍት ትርጉም በፊት ዓረቦች በዚያ የሰማይ ክፍል ሴት አያዩም ነበር። የሚያዩት ትልቅ ዓሣ ነው። ዛሬ ሚራክ የምንለው ደማቅ ኮከብ «በጥን አል-ሑት»፣ የዓሣው ሆድ ይባል ነበር፤ የጨረቃ ማረፊያ ከሚባሉት 28 ቦታዎች የመጨረሻው እሱ ነው። በ964 የሥነ ፈለክ ሊቁ አል-ሱፊ በፋርስ ኢስፋሃን ሆኖ የከዋክብት መጽሐፉን ሲጽፍ ሁለቱንም ወግ ይዞ፣ ሴቲቱን ከነዓሣው ሣላት። እዚያው ላይ «ትንሽ ደመና» ብሎ ምልክት ያደረገባት ነገር አለች። ያቺ ደመና ዛሬ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ የምንላት ናት።

ስሟ ግሪክ ሆኖ ኮከቦቿ ለምን ዓረብኛ ሆኑ?

ምክንያቱም የግሪኩ እውቀት ወደ አውሮፓ ሲመለስ አብዛኛው በዓረብኛ በኩል ነው የተመለሰው። የሥነ ፈለክ ሊቁ በጥሊሞስ (ቶለሚ) በ2ኛው ክፍለ ዘመን ያዘጋጀው 48 ኅብረ ከዋክብት ያሉበት መጽሐፍ ወደ ዓረብኛ ተተረጎመ፣ ከዓረብኛ ወደ ላቲን። የትልልቆቹ ምስሎች ስም ግሪክና ላቲን ሆኖ ቀረ። የነጠላ ኮከቦቹ ስም ግን ከዓረብኛው መግለጫ ተቀዳ።

አልፌራትዝን እዩ። «አል-ፈረስ» ከሚለው ነው የመጣው፣ ፈረስ ደግሞ ለኛ ትርጉም አያስፈልገውም። ሙሉው «የፈረሱ እምብርት» ነበር፤ ኮከቡ የአንድሮሜዳ ራስም የፔጋሰስ እምብርትም ተደርጎ ይቆጠር ነበርና። ዛሬ በይፋ የአንድሮሜዳ ነው፣ ስሙ ግን አሁንም ፈረስ ነው። ሚራክ «ሚእዘር» ከሚለው፣ ከወገብ ሽርጥ፣ ገልባጮች እያበላሹት የመጣ ነው። አልማክ ደግሞ የአንድ የዱር ድመት ስም ነው። ስለዚህ ከአንዲት የታሰረች ልዕልት ላይ ፈረስ፣ ሽርጥና ድመት ታገኛላችሁ፤ ከልዕልቷ ጋር የሚሄደው ሽርጡ ብቻ ነው።

ቻይንኛስ?

«ሺየንኑ» ይላታል፤ ከሰማይ የወረደች፣ የማትሞት ቆንጆ ሴት እንደማለት። ሰንሰለቱም የለም፣ አውሬውም የለም። ቬትናምኛም ይህንኑ ቃል በራሱ አነጋገር «ቲየን ኑ» ብሎ ይጠቀምበታል። ጃፓንኛና ኮሪያኛ ግን ድምፁን ይዘው «አንድሮሜዳ» ነው የሚሉት። ኮሪያ ውስጥ የወጣቶች አባባልም ሆኗል፦ የማይሆን ነገር የሚሠራን ሰው «ማስተዋሉን አንድሮሜዳ ልኮታል» ይሉታል።

የቻይናው ስም ግን ከምዕራብ ለመጣው ምስል የተሰጠ ትርጉም ነው። የራሳቸው የጥንት ሰማይ ሌላ ነበር። አልፌራትዝ ከሌላ ኮከብ ጋር «ግድግዳ» ይባላል። ሚራክ «እግር» በሚባለው ቡድን ውስጥ ነው። አልማክ «የሰማይ ታላቅ ጄኔራል» ነው። እኛ አንዲት ሴት በምናይበት እነሱ ግድግዳ፣ እግርና የጦር አለቃ አዩ። ኮከቦቹ ያው ናቸው።

ህንዶች ለምን በሌላ ሴት ተኩዋት?

ይህ ከሁሉም በላይ የምወደው ነው። በሂንዲ አንድሮሜዳ «ዴቭያኒ» ትባላለች። ስሟን አልጻፉም፣ ትርጉሟንም አልወሰዱም፤ ማሃባራታ በሚባለው ጥንታዊ የግጥም ታሪካቸው ውስጥ ያለች የራሳቸውን ሴት ነው ያመጡት። ያውም እሷን ብቻ አይደለም። ፐርሴውስ ያያቲ ሆነ፣ ካሲዮፔያ ሻርሚሽታ ሆነች፣ ኬፌውስ ደግሞ ቭሪሽፓርቫ። አንድ ሙሉ ተረት ተነሥቶ ሌላ ሙሉ ተረት ቦታው ላይ ተቀመጠ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዴቭያኒ የአማልክት ባላንጣ የሆኑት የአሱራዎቹ መምህር የሹክራ ልጅ ናት። ሻርሚሽታ የንጉሡ የቭሪሽፓርቫ ልጅ ናት። ውሃ ሲዋኙ ልብሳቸው ይቀላቀልና ይጣላሉ። ሻርሚሽታ ተናዳ ዴቭያኒን ጉድጓድ ውስጥ ትገፋታለች። ንጉሥ ያያቲ ውሃ ጠምቶት ወደ ጉድጓዱ ሲመጣ ያገኛታል፣ እጇን ይዞ ያወጣታል፣ በኋላም ያገባታል። ሻርሚሽታ በቅጣት የዴቭያኒ አገልጋይ ትሆናለች፣ ግን ያያቲ ከሷም ይወልዳል። የዴቭያኒ አባት ሲሰማ ያያቲን በአንድ ጊዜ ሽማግሌ እንዲሆን ይረግመዋል።

አሁን አስተያዩት። ለሞት የተሰጠች ሴት አለች፣ ድንገት ደርሶ የሚያወጣት ወንድ አለ፣ ኋላ ጋብቻ አለ። አጥንቱ ይገጥማል። የማይገጥም ነገርም አለ፤ በግሪኩ ካሲዮፔያ የአንድሮሜዳ እናት ናት፣ በህንዱ ግን ሻርሚሽታ ጣውንቷ ሆና ቁጭ አለች። ንጉሡም የጀግናዋ አባት መሆኑ ቀርቶ የባላንጣዋ አባት ሆነ። ቢሆንም ለህንድ ልጅ ሰማዩን ማስታወስ እንዴት ቀላል እንደሚሆንለት አስቡት። ከአያቱ የሰማው ታሪክ ነው። እኔ ብጠየቅ የባዕድ ስምን ከመገልበጥ ይህ ይበልጣል እላለሁ፣ ተስማሚ ታሪክ ከተገኘ።

በአውሮፓ ቋንቋዎችስ ይለያያል?

እምብዛም። ፈረንሳይኛ መጨረሻውን ቀይሮ «አንድሮሜድ» ይላል፣ ስፓኒሽ ምልክት ይጨምራል፣ የቀሩት ያው ናቸው። ግሪኮች ደግሞ እስከ ዛሬ በራሳቸው ፊደል «አንድሮሜዳ» ብለው ነው የሚጽፉት። የሚለያየው «ጋላክሲ» የሚለው ነው። በሩሲያኛ አሁንም «የአንድሮሜዳ ጉም» የሚል አባባል በሰፊው ትሰማላችሁ፤ ሳይንሱ ሲቀየር ቋንቋው አልተከተለም።

ለምን ጉም አሏት? መቼስ ጋላክሲ ሆነች?

በዓይንም በትንሽ ቴሌስኮፕም ስትታይ ጭጋግ ስለምትመስል ነው። ፈረንሳዊው ቻርልስ ሜሲዬ በ1764 በዝርዝሩ ላይ 31ኛ አድርጎ መዘገባት፤ «ኤም 31» የሚለው ከዚያ ነው። ምን ያህል ትርቃለች የሚለው ግን አልታወቀም ነበር። በ1923 ኤድዊን ሀብል በካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ላይ በተነሡ ፎቶዎች ውስጥ ብርሃኑ በየጊዜው ከፍ ዝቅ የሚል ኮከብ አገኘባት። ሄንሪዬታ ሌቪት የምትባል ሴት በ1912 እንዲህ ያሉት ኮከቦች ብርሃናቸው የሚዞርበት ጊዜ ከድምቀታቸው ጋር እንደሚሄድ አሳይታ ነበር። በዚህ ተለካና ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለች ራሷን የቻለች ጋላክሲ መሆኗ ታወቀ።

እንዲህ ያሉት ኮከቦች ስማቸው ሴፊድ ነው። ስሙን ያገኙት ኬፌውስ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ካለ አንድ ኮከብ ነው፤ ጆን ጉድሪክ በ1784 ያስተዋለው። የአንድሮሜዳ ርቀት በአባቷ ስም በተጠራ ኮከብ ነው የተለካው እንግዲህ። ማንም አስቦበት አይደለም፣ ስሞቹ ራሳቸው ተገጣጠሙ።

በግእዝ ወይም በአማርኛ የቆየ ስም አላት?

እኛ ጋ በደንብ የገቡት የ12ቱ የኮከብ ቆጠራ ምልክቶች ስሞች ናቸው፦ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። ዐውደ ነገሥት የገለጠ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። የመጡት ከዓረብኛ ነው፣ ለኮከብ ቆጠራ ሥራ። አንድሮሜዳ ከ12ቱ ውስጥ ስላልሆነች በዚያ መንገድ አልመጣችም። ዛሬ የምንለው «አንድሮሜዳ» በዘመናዊው ትምህርት በኩል የገባ ነው።

ሑት ግን ጎረቤቷ ነው። ከላይ እንዳልኩት ዓረቦች የዓሣውን ሆድ ያዩት ሚራክ ላይ ነበር። ስሟ ባይደርሰንም የጎረቤቷ ስም ደርሶናል።

ከኢትዮጵያ በዓይን ትታያለች?

አዎ፣ በጣም ጥሩ ቦታ ላይ ነን። ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ከከተማ መብራት ራቁና ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። ዝቅ ብሎ «ኤም» የእንግሊዝኛ ፊደል የሚመስሉ አምስት ኮከቦች ካሲዮፔያ ናቸው። ወደ ራሳችሁ አናት ቀና ስትሉ ደግሞ ሰፊ አራት ማዕዘን ታገኛላችሁ፣ ፔጋሰስ ነው። ከአራት ማዕዘኑ በሰሜን በኩል፣ በስተቀኝ ያለው ጥግ አልፌራትዝ ነው። ከሱ ወደ ቀኝ ኮከቦቹን ተከተሉ፤ ሁለተኛው ደማቅ ኮከብ ሚራክ ነው።

ሚራክ ላይ ቁሙና ወደ ካሲዮፔያ አቅጣጫ ዝቅ በሉ። አንድ ደብዘዝ ያለ ኮከብ፣ ቀጥሎ ሌላ ይበልጥ የደበዘዘ። ከሁለተኛው አጠገብ የተፋቀ የሚመስል ነጭ ነገር አለ። እሷ ናት። ቀጥታ ስታፈጡባት ትጠፋለች፣ ዓይናችሁን ትንሽ ወደ ጎን ስታደርጉ ትመለሳለች፤ የዓይን ጠርዝ ደብዛዛ ብርሃንን ይበልጥ ስለሚይዝ ነው። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ስልካችሁን አትንኩ።

«ቡና» እና «አቦል» የሚባሉ ሰማይ ላይ አሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ያውም እዚያው አንድሮሜዳ ውስጥ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር 100ኛ ዓመቱን በ2019 ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሰው እስከዚያ በቁጥር ብቻ፣ ኤችዲ 16175 ተብሎ የሚታወቀው ኮከብ ነው። ኮከቡ ቡና ተባለ፣ የሚዞረው ፕላኔት አቦል። ቡና 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ በባዶ ዓይን አይታይም፣ በጥሩ ባይኖኩላር ይገኛል። አቦል ክብደቱ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ የሆነ ግዙፍ ፕላኔት ነው፤ አንድ ዙር ለመጨረስ ወደ 2 ዓመት ከ8 ወር ይፈጅበታል።

የሚያስደስተኝ አሰያየሙ ነው። አቦል መጀመሪያ የሚቀዳው ነውና ሌሎች ፕላኔቶች ቢገኙ ቶና እና በረካ ተራቸውን ይጠብቃሉ። እዚያው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ሌላ የአፍሪካ ስምም አለ፦ ቲታዊን፣ በሞሮኮዋ ከተማ በቴቱዋን ስም የተጠራ ኮከብ ነው፣ ከ2015 ጀምሮ። አንድሮሜዳ የኛ ናት ወይ ብሎ ለሚከራከር ሰው እኔ የማነሣው ቡናና አቦልን ነው። እነዚህን የሰየምናቸው እኛው ነን።

«አልፋ አንድሮሜዳይ» ሲባል «ይ» ምንድነው?

የላቲን አገናዛቢ ነው፤ «የአንድሮሜዳ» ማለት። የሥነ ፈለክ ሰዎች ኮከቦችን በግሪክ ፊደልና በኅብረ ከዋክብቱ ስም ይጠራሉ፣ ስሙም በላቲን ሰዋስው ይቀየራል። በአማርኛ ስትጽፉ «የአንድሮሜዳ አልፋ» ብትሉ ምንም አይጎድልም። «የአልፋ አንድሮሜዳይ ኮከብ የአንድሮሜዳ» እያሉ ሦስት ጊዜ ማገናዘብ ግን ይደክማል፣ አይቼዋለሁ።

በአማርኛ ስንጽፍ የትኛውን አጻጻፍ እንከተል?

ለልዕልቷ «አንድሮሜዳ» ጥሩ ነው፣ ከግሪኩም ከእንግሊዝኛውም አይርቅም። ችግሩ ቤተሰቧ ላይ ነው። አባቷን በእንግሊዝኛ አነባበብ «ሲፊየስ» የሚል አለ፣ በግሪኩ «ኬፌውስ» የሚል አለ። ፐርሴውስም «ፐርሲየስ» ይሆናል። አንድ ጽሑፍ ውስጥ አባትየውን በእንግሊዝኛ፣ ባልየውን በግሪክ መጻፍ አንባቢን ያደናግራል። እኔ ወደ ግሪኩ የቀረበውን ነው የምመርጠው፤ በአማርኛ የሚጻፈው ሁሉ ይነበባልና እንግሊዝኛ የዋጣቸውን ድምፆች የምንውጥበት ምክንያት የለም።

የጥንቱን የግእዝ ልማድ የሚከተል ደግሞ የግሪኩን «ፒ» በ«ጰ» ይጽፋል፤ ጴጥሮስ፣ ፊልጶስ፣ ኢትዮጵያ ራሷም እንዲሁ ናት። በዚህ ስሌት እናቷ «ካሲዮጵያ» ትሆናለች። አጻጻፉ ሥርዓት አለው፣ አያስወቅስም። ግን ወዲያው ከአገራችን ስም ጋር ዝምድና ያለው ስለሚመስል እኔ «ካሲዮፔያ» ላይ እረጋለሁ። ጋላክሲዋን ከኅብረ ከዋክብቱ ለመለየት ደግሞ ሁልጊዜ «የአንድሮሜዳ ጋላክሲ» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉት፤ «አንድሮሜዳ» ብቻዋን ስትሆን የትኛዋን ማለታችሁ እንደሆነ አንባቢ ሊገምት አይገባም።